ታርጋው የመንግሥት፣ መኪናው የሕዝብ፤ ቀዳዳውስ የማን ነው?

(ከዘንገና)

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። በዚች አገር መኪና ያለ ታርጋ መንገድ ላይ አይወጣም። ታርጋውን የሚያሠራው፣ ወርድና ቁመቱን የሚወስነው፣ ዋጋውን የሚቆርጠው፣ ቁጥሩን የሚያድለው፣ ያለ ታርጋ የተገኘውንም የሚቀጣው መንግሥት ነው። ባለመኪናው ከፍሎ ይወስዳል፤ ታርጋው ሲቀየር ደግሞ አሮጌውን መልሶ ያስረክባል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ባለቤት አለው፤ ፊርማ አለው፤ ማኅተም አለው፤ ደረሰኝ አለው። ታርጋው በመስኮት ወጥቶ መኪናው ላይ እስኪታሰር ድረስ ባለችው ሩብ ሰዓት ውስጥ ግን መንግሥት ድንገት ይሰወራል! እዚያች ላይ ሹም የለም። መመሪያ የለም። ደረሰኝ የለም። ያለው መብሻ የጨበጠ አንድ ጎረምሳ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያች ሩብ ሰዓት ናት።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት እንጅባራ ከመድረሱ በፊት የዘንገናን ሐይቅ ይታከካል። ሐይቁ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብና ጥልቅ ውሃ ነው፤ መንገደኛ ቆም ብሎ ሳያየው ማለፍ አይሆንለትም። እኛ የአካባቢው ሰዎች ደግሞ ሐይቁን ስለለመድነው የቆሙትን መኪኖች እናያለን። እስቲ አንድ ቀን ልብ ብላችሁ የታርጋቸውን አሰቃቀል ተመልከቱ። የአንዱ ታርጋ በሽቦ ታስሯል። ሌላው በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። የአንዱ ባምፐር ከብሎኑ ሥር ጀምሮ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰንጥቋል። የሌላው የኋላ ኮፈን ከታርጋው በታች ቡናማ የዝገት እንባ ያፈሳል። ቀይ የለበሰው ኮድ 1 ታክሲም፣ ሰማያዊው ኮድ 2 የቤት መኪናም፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ መኪናም፣ ጥቁሩ ኮድ 4 የመንግሥት መኪናም በዚህ በሽታ እኩል ናቸው። ልዩነቱ አንድ ነው። የኮድ 4 ቀዳዳ በመንግሥት ካዝና ይደፈናል፤ የሌላው ቀዳዳ በባለቤቱ ኪስ!

«ትንሽ ቀዳዳ ናት!»

ለመሆኑ ይህ ጉዳት ከየት መጣ? ምስጢር የለውም፤ በሜትር የሚለካ ነገር ነው።

የአብዛኛው ሰው መኪና በጃፓን የተሠራ ያገለገለ ቶዮታ ነው። ቪትስ በሉት፣ ኮሮላ በሉት፣ ያው ነው። የጃፓን የተለመደው ታርጋ ወርዱ 33 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 16.5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በሁለቱ ብሎኖቹ መካከል ያለው ርቀት 21 ሳንቲ ሜትር ነው። ፋብሪካው ባምፐሩንም የኋላ ኮፈኑንም ያዘጋጀው በዚህ ልክ ነው። የእኛ ረጅሙ ታርጋ ደግሞ የአውሮፓውያኑን መልክ የያዘ፣ ቀጠን ብሎ የተዘረጋ ነው። እንግዲህ ቀዳዳና ቀዳዳ አይገጥምም። ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የሚጀምረው መፍትሔው ላይ ነው።

ትክክለኛው መፍትሔ ከኋላው በ21 ሳንቲ ሜትር የተበሳ፣ ከፊቱ የእኛን ታርጋ የሚያቅፍ ፍሬም ነው። ፍሬሙ ፋብሪካው በተወው ቀዳዳ ላይ ይታሰራል፤ ታርጋው ፍሬሙ ላይ ይቀመጣል፤ መኪናው አንዲት አዲስ ቀዳዳ አይከፈትበትም። ዋጋው ከአንድ የባምፐር ጥገና ጋር የሚወዳደር አይደለም። በየበሩ የሚሠራበት መፍትሔ ግን ሌላ ነው። መብሻው ይነሳል፣ ታርጋው ባምፐሩ ላይ ተደግፎ በዓይን ይለካል፣ ከዚያ እርርርር... ባለመኪናው እየሮጠ ሲመጣ ነገሩ አልቋል።

«ኸረ ልጄ፣ ቀስ በል! እዚያ ላይ እኮ ቀዳዳ አለው!»

«አይስጉ ጋሼ፣ ችግር የለም! ትንሽ ቀዳዳ ናት። የሁሉንም የምንሠራው እንዲህ ነው።»

«የሁሉንም የምንሠራው እንዲህ ነው» የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። አሁን ያችን «ትንሽ ቀዳዳ» እንከተላት።

ባምፐሩ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ያለ ሮንዴላ፣ ራሱን እየቀደደ በሚገባ ብሎን፣ እስኪጮህ ድረስ ከተጠበቀ መጨነቅ ይጀምራል። እንጅባራና አካባቢዋ ደጋ ነው፤ ጠዋቱ ይበርዳል። በብርድ የደረቀ ፕላስቲክ ኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ ከብሎኑ ሥር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታወጣለች። ስንጥቅ ደግሞ አትቆምም፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ትረዝማለች።

የኋላው ኮፈን ላሜራ ነው። መብሻው ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ከቀለሙ ሥር ያለውን የዝገት መከላከያም ልጦት ይወርዳል። የተቆረጠው ጠርዝ ራቁቱን ይቀራል። የብረቱ ብናኝ በሁለቱ ላሜራዎች መካከል ወድቆ እዚያው ይቀመጣል፤ ውሃ ሲነካው ቀድሞ የሚዝገው እሱ ነው። ታርጋው አሉሚኒየም፣ ብሎኑ ተራ ብረት ነው፤ ሁለት የማይስማሙ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙ መበላላቱ ይፈጥናል። ክረምቱ በሚበረታው በአዊ ምድር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የቆርቆሮ ቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ምስማር ዙሪያውን ነው መጀመሪያ የሚዝገው!

ሦስተኛው ጉዳት የማይታየው ነው። ከፊት ባምፐሩ ጀርባ የኤሲ ኮንደንሰርና ራዲያተር አለ፤ ከኋላ ኮፈኑ ጀርባ የመብራት ሽቦ፣ የቁልፍ ገመድ፣ የካሜራ ሽቦ አለ። ከልክ በላይ የረዘመ ብሎን ወይም ያልተገታ መብሻ የትኛውን እንደሚያገኝ ዕድል ነው የሚወስነው። አሁን በብዛት እየገቡ ባሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከብዙዎቹ ባምፐር ውስጥ ሴንሰር ተቀምጧል፤ እዚያ ላይ በዓይን ልክ መብሻ ማስገባት ዓይንን በወስፌ መፈለግ ነው።

ጃፓን ያሸገው፣ እኛ የበሳነው

ነገሩን የሚያስቆጨው ይሄው መኪና በተወለደበት አገር እንዴት ይያዝ እንደነበር ስናስብ ነው። በጃፓን ሕግ የመኪናው የኋላ ታርጋ የግራ ብሎን ላይ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ክዳን ይታሸግበታል። ማኅተሙ ሳይሰበር ታርጋው አይፈታም፤ ማኅተም ማድረግ የሚችለውም ሥልጣን ያለው አካል ብቻ ነው። እዚያ መንግሥት ታርጋውን ብቻ ሳይሆን የታርጋውን ብሎን ጭምር የእኔ ነው ብሎ ይዞታል ማለት ነው። መኪናው ወደ ውጭ ሲሸጥ ከመዝገብ ተሰርዞ ታርጋው ይመለሳል። የፋብሪካው ቀዳዳዎች እንደነበሩ ሆነው መኪናው መርከብ ይሳፈራል።

ይሄ መኪና ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ጅቡቲ ወደብ ወርዶ፣ የአፋርን ሐሩር አቋርጦ፣ ጉምሩክን አልፎ ሳይቆስል ይደርሳል። የሚቆስለው ታርጋ ሲሰጠው ነው! በጀርመን ታርጋ በፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ይቀመጣል። በእንግሊዝ መኪናውን ጨርሶ ሳይበሱ በማጣበቂያ መለጠፍ የተለመደ ነው። እነዚህ አገሮች ከእኛ የበለጡት በፍሬም ዋጋ አይደለም። የታርጋ ሥራ የሚያልቀው መስኮቱ ላይ ሳይሆን መኪናው ላይ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

ባሕር ማዶ መሄድም አያስፈልግም። የአዊ ሕዝብ ፈረስ አዋቂ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱን አስጊጦ ሲወጣ አገር ምድሩ ያያል። እዚህ አገር ልኩ ያልሆነ ኮርቻ ጭኖ የፈረስ ጀርባ ያቆሰለ ሰው «ኮርቻው ነው» ብሎ አያመልጥም። የጫነው ይጠየቃል። ለፈረስ ያወቅነውን ለመኪና እንዴት አጣነው?

«የተጋጨ ነው!»

አንዳንዱ አንባቢ ይሄኔ «አገር ይህን ያህል መከራ ተሸክማ እያለ ስለ ብሎን ጋዜጣ ላይ ይጻፋል እንዴ?» ሳይል አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ አለው።

አንደኛ፣ ያገለገለ መኪና ዛሬ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ለፓርላማ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባምፐር ከውጭ ነው የሚመጣው። መብራት ከውጭ ነው የሚመጣው። ኮንደንሰር ከውጭ ነው የሚመጣው። እንግዲህ መተኪያ በሌለው ዕቃ ላይ መለዋወጫውም በእጥፍ በተወደደበት ዘመን ነው «ትንሽ ቀዳዳ ናት» የሚባለው!

ሁለተኛ፣ ቀዳዳዋ በሽያጭ ቀን ትናገራለች። ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁኝ አንድ ጡረተኛ መምህር ያጋጠማቸውን ላውጋችሁ። ዕድሜ ልካቸውን ቆጥበው ከአዲስ አበባ አንዲት ያገለገለች ቪትስ ገዙ። ወደ አገራቸው አምጥተው ስም አዞሩ፤ ታርጋ ቀየሩ። ታርጋው ሲታሰር ባምፐሩ ተሰነጠቀ፤ የኋላ ኮፈኑ በአራት ቦታ ተበሳ። አራት ያልኩት ሁለቱ ስለሳቱ ነው! ከሦስት ዓመት በኋላ ልጃቸውን ለማስተማር መኪናዋን ለሽያጭ ሲያቀርቡ ደላላው ታርጋውን ገለጥ አድርጎ አየና «ጋሼ፣ ይቺማ የተጋጨች ናት» አለ። ሰውየው በዕድሜያቸው አንድ ቀን ተጋጭተው አያውቁም። ቢምሉ ማን ይስማ? የተሰነጠቀ ባምፐር፣ የተለወጠ ቀለም፣ የዛገ ኮፈን... ገዥ ያየውን ነው የሚያምነው። ከዋጋው ተቆረጠ። ሰውየው ድሮ ታርጋውን ወደሰጣቸው መሥሪያ ቤት ሄደው ቢያመለክቱ ከአንዱ መስኮት ወደ አንዱ መስኮት ካመላለሷቸው በኋላ «የሰቀለልዎት ማን ነው? ደረሰኝ አለዎት?» ተባሉ። የታርጋው ደረሰኝ አለ። የቀዳዳው ደረሰኝ የለም!

ሦስተኛው ከሁለቱም ይከብዳል። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በዚህ ክልል መንገድ ላይ መጓዝ ምን እንደሚመስል የሚጓዝ ያውቀዋል። በኬላ ላይ ታርጋ የሌለው መኪና ተራ መኪና አይደለም፤ ጥያቄ ነው። በደንብ ያልታሰረ ታርጋ ኮረኮንች ላይ ወድቆ ሲቀር ባለመኪናው ቀጣዩን ኬላ በምን አፉ ያልፋል? «ብሎኑ ላልቶ ነው» ብሎ? ታርጋ የጠፋበት ሰው ለፖሊስ ያመለክታል፣ ማስረጃ ያጽፋል፣ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይመላለሳል፤ እስከዚያ መኪናው ቆሞ ልጆቹ የሚበሉትን ያጣሉ። አንድ ሮንዴላ ቢገባበት ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ብዙ ሰው ሲናደድ የሚቆጣው መብሻ የያዘውን ልጅ ነው። እኔ ግን ልጁን አልወቅስም። እንጀራው ነው። በቀን ብዙ በሠራ ቁጥር ነው የሚከፈለው። ፍሬም የሰጠው የለም፤ ሮንዴላ የሰጠው የለም፤ «ይሄኛው መኪና እዚህ ጋ ቀዳዳ አለው» ብሎ ያስተማረው የለም። «የሁሉንም የምንሠራው እንዲህ ነው» ሲል እውነቱን ነው የተናገረው። አሠራሩ እንዲህ ነው! ልጁን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ነው። አህያዋ ሌላ ቦታ ነው የታሰረችው።

ሹሞቹን ብትጠይቋቸው አንድ ጥሩ መልስ አላቸው፤ እንዳለ ላቅርበው። «ታርጋ በእጁ ብንሰጠው ወስዶ ለሌላ መኪና ይለጥፈዋል፤ ለተሰረቀ መኪና ይሸጠዋል፤ ስለዚህ ዓይናችን እያየ እዚሁ መታሰር አለበት» ይላሉ። እውነት ነው። ታርጋ የወንጀል መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይሄ መልስ ራሳቸውን ነው የሚይዛቸው። «እዚሁ፣ ዓይናችን እያየ፣ ግዴታ» ካላችሁ ማሰሩ የአገልግሎታችሁ አካል ሆነ ማለት ነው። አስገድዳችሁ ያሰራችሁትን «የእኛ ሠራተኛ አይደለም» ማለት አትችሉም። የእናንተ ካልሆነ ግቢያችሁ ውስጥ ምን ይሠራል? በራችሁ ላይ መብሻ ሰክቶ የሚውለው በማን ኤሌክትሪክ ነው? ግዴታው የመንግሥት፣ ገንዘቡ የመንግሥት፣ ጥፋቱ ግን የጎረምሳው... ይሄ እንዴት ያለ ክፍፍል ነው?

ሕጉ ምን ይላል?

«በዚች አገር ሕግ የለም» የሚለው ሮሮ ብዙ ጊዜ ለሹሞች ይመቻቸዋል፤ ሕዝቡ ያለውን ሕግ እንዳይጠይቅ ያደርገዋልና። ሕግስ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ሁሉ ጉዳቱን መካስ አለበት ይላል። አንቀጽ 2126 ደግሞ በቀጥታ የመንግሥት ሠራተኛን ይመለከታል። ሠራተኛው በጥፋቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ሲሆን ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት ከፈለገ በኋላ ከሠራተኛው ያስመልስ። አንቀጽ 2143 የካሣ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። ልብ አድርጉ፤ መምህሩ ጉዳዩን ያነሱት በሦስተኛው ዓመት ነው። ቀዳዳ ሳይናገር የሚቆየው፣ ዝገትም ከውስጥ የሚጀምረው ለእነሱ ነው የሚመቸው!

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ ኃላፊነቱን ያጓደለ ኃላፊም ተጠያቂ ነው ይላል። አንቀጽ 40 የግል ንብረትን ያስከብራል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ደግሞ ታርጋን ከነሙሉ ክብሩ ያቆመ ሕግ ነው። እንግዲህ የሕግ ድርቅ የለም። የጎደለው ከሕጉ እስከ ብሎኑ ያለው ርቀት ነው።

አዲሱ ታርጋ፣ ሁለተኛው ቀዳዳ

ነገሩን ዛሬ ማንሳት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በ2017 ዓ.ም. የክልል መለያ የማይጻፍበት አዲስ አገር አቀፍ ታርጋ ይፋ አድርጓል። «አአ» እና «አማ» የሚሉት ፊደላት መነሳታቸውን በደስታ ያየው አለ፤ በጥርጣሬ ያየውም አለ። የዛሬው ክርክሬ ግን ስለ ፊደሉ ሳይሆን ስለ ብሎኑ ነው። በአገሪቱ የተመዘገበው ተሽከርካሪ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። አንድ አውቶሞቢል ከፊትና ከኋላ ሁለት ታርጋ አለው፤ አንድ ታርጋ ቢያንስ ሁለት ብሎን አለው። አሮጌው ሁሉ ይፈታል፤ አዲሱ ሁሉ ይታሰራል። በሚሊዮን የሚቆጠር ብሎን ሊነቀል፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ብሎን ሊገባ ነው! የአዲሱ ታርጋ ቀዳዳ ከአሮጌው ቀዳዳ ላይ ባይገጥምስ? ያው መብሻ ይነሳል። የተበሳው ይደገማል። የተሰነጠቀው ይሰበራል። የዛገው ይነደላል።

ታርጋው ሲነደፍ ስለ ቀለሙ ታሰበ፤ ስለ ፊደሉ ታሰበ፤ ስለ ምስጢራዊ ምልክቱ ታሰበ። ስለሚታሰርበት መኪናስ ማን አሰበ? የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ይፋ አድርገው የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። አንድ የባትላሜራ ባለሙያ ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ «ፍሬሙን አትርሱ» ይላቸው ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ዛሬም ጊዜ አለ።

ስለዚህ ጥያቄያችን ይሄ ነው፤ በቁጥር አስቀምጠነዋል፤ «አልሰማንም» እንዳይባል።

1. ታርጋ ከነፍሬሙ፣ ከነብሎኑና ከነሮንዴላው ይሰጥ። ዋጋው በታርጋው ክፍያ ውስጥ ይካተት። ለታርጋ የከፈለ ሰው ለመስቀያው ሌላ በር ላይ እንዳይንከራተት።

2. የመኪና አካል ያለ ባለመኪናው ፈቃድ አይበሳ። መብሳት የግድ ከሆነ በጽሑፍ ይፈቀድ፤ ጠርዙ በሞረድ ይስተካከል፤ የዝገት መከላከያ ይቀባ።

3. የሚያስረው ሰው ይሠልጥን፤ ስሙ ደረቱ ላይ ይለጠፍ፤ ለማሰሪያውም ደረሰኝ ይቆረጥ። ደረሰኝ ያለው ጥፋት ባለቤት አለው።

4. በራሴ ጋራዥ ላሳስር የሚል ባለመኪና ይፈቀድለት፤ ታርጋው መታሰሩን መሥሪያ ቤቱ አይቶ ያጽድቅ። ሌባን ለመከላከል ይሄ በቂ ነው።

5. ቅሬታ መቀበያ መዝገብ በየጽሕፈት ቤቱ ይከፈት። ጉዳት ያደረሰ መሥሪያ ቤት ይካስ። የከሣ መሥሪያ ቤት በማግሥቱ ሮንዴላ መግዛት ይጀምራል!

እስከዚያው ባለመኪና ምን ያድርግ?

መንግሥት እስኪሰማ መኪናው አይጠብቅም፤ ስለዚህ ለአንባቢ የሚጠቅም ጥቂት ምክር ልጨምር።

ታርጋ ለማስቀየር ከመሄዳችሁ በፊት የመኪናችሁን ፊትና ኋላ በሞባይላችሁ ፎቶ አንሱ። ፍሬሙን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ያዙ፤ ለልጁም «በዚህ ላይ ነው የሚታሰረው» በሉት፤ አብዛኛው እሺ ይላል፤ ሥራው ይቀልለታልና። መብሻው ሲነሳ ከመኪናችሁ አትራቁ። ሻይ በኋላ ይጠጣል! ጉዳት ከደረሰ እዚያው ፎቶ አንሱ፤ ምስክር ያዙ፤ በዚያው ቀን ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አመልክታችሁ ግልባጩ ላይ ቀን አስመቱ። ከባትላሜራ ቤት የጥገና ፕሮፎርማ አውጡ። ሁለት ዓመቱን አትርሱ።

ቀድሞ የተበሳ መኪና የገዛችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። ታርጋውን ፈትታችሁ የኋላውን ቀዳዳ ዙሪያ እዩ። ዝገት ካለ በቀለም ብቻ አትሸፍኑት፤ ሥሩ ድረስ ተፍቆ የዝገት መከላከያ ይቀባ፤ ትርፍ ቀዳዳው በጎሚኒ ወይም በላሜራ ይደፈን። በስቱኮ ብቻ የተደፈነ ቀዳዳ በክረምቱ ተመልሶ ይከፈታል። የተሰነጠቀ ባምፐር ላይ የስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ቢደረግ ስንጥቁ ይቆማል፤ ከዚያ ከውስጥ በኩል ይበየዳል። ከዚች መኪና ታሪክ ውስጥ ጠቃሚ ሥራ የሠራች ቀዳዳ ይቺ ብቻ ናት! ብሎኑንም ዝገት በማይነካው ብሎን ከፕላስቲክ ሮንዴላ ጋር ቀይሩት።

የመኪና ገዥም ደላላ «የተጋጨ ነው» ባለ ቁጥር ዝም ብሎ አይመን። የግጭት ስንጥቅ መሐሉ ገብቶ ዙሪያው ይሰነጠቃል፤ የታርጋ ስንጥቅ ግን ከብሎኑ ነው የሚነሳው። ይሄን ማወቅ ገዥንም ሻጭንም ከሐሰት ዋጋ ያድናል።

አንድ መንግሥት በትልቁ ነገር ሊመሰገን ወይም ሊወገዝ ይችላል፤ ተራው ዜጋ ግን መንግሥትን የሚያገኘው በትንሹ ነገር ነው። በመስኮቱ፣ በማኅተሙ፣ በብሎኑ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ አባቶቻችን። የሕዝብን ንብረት ለሩብ ሰዓት በአደራ ተቀብሎ ሳያቆስል መመለስ ያልቻለ መሥሪያ ቤት ትልቁን አደራ እንዴት ይዞ ይሆን ብለን ብንጠይቅ ማን ይቆጣናል?

ታርጋውን የሰጠው እጅ ለቀዳዳውም ይፈርም!